ፕሮቲኑ ወፍጮ ቤት ነው ያለው

ስልኩን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ ወደ ላይ የገፋ ሰው አንድ የቁርስ ቪዲዮ ሳያገኝ አይቀርም። ጡንቻው የተወጠረ ልጅ ወይም ኩሽናዋ እንደ መስታወት የሚያበራ ልጅ ብሌንደር ውስጥ አጃ፣ ሙዝ፣ ሁለት እንቁላልና አንድ ማንኪያ የፕሮቲን ዱቄት ይጨምራሉ። ከዚያ መጥበሻ፣ ከዚያ ሦስት ክብ ክብ ፓንኬክ፣ ከላይ ደግሞ ስሙን እንጂ ጣዕሙን የማናውቀው የፈረንጅ እንጆሪ። «እስከ ምሳ አይርባችሁም» ይላል ጽሑፉ። እኛም ላይክ እናደርጋለን፣ ሴቭ እናደርጋለን፣ ለጓደኛ እንልካለን። ከዚያ ታክሲ ተራ ሄደን አንድ ቦምቦሊኖ በሻይ።

በቪዲዮው ላይ ልቀልድ አይደለም። ሐሳቡ ትክክል ነው። ፕሮቲንና ያልተፈተገ እህል ያለበት ቁርስ ያጠግባል፣ ጥጋቡም ይቆያል። ችግሩ ያለው የዕቃው ዝርዝር ላይ ነው። ያ ዝርዝር የተጻፈው ለሌላ ሰው ኩሽና፣ ለሌላ ሀገር ሱፐርማርኬት፣ ለሌላ ሰው ኪስ ነው። እኛም ዝርዝሩን አይተን «ይሄ የሀብታም ነገር ነው» ብለን ሐሳቡን ጭምር ጥለነው እንሄዳለን። ኪሳራው እዚህ ላይ ነው። ምክንያቱም ፓንኬኩን የሚያጠግብ የሚያደርገው ነገር ከየትም የሚመጣ አይደለም፤ ሰፈራችን ያለው ወፍጮ ቤት ውስጥ በየቀኑ እየተፈጨ ነው። ጤፍና ሽምብራ።

አራት ሰዓት ላይ የሚመጣው ረሃብ

እስኪ የብዙዎቻችንን የሥራ ቀን ጠዋት እንየው። አንድ ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት አለ። በልተን ከወጣን ዳቦ በሻይ ነው፤ ሳንበላ ከወጣን መንገድ ላይ ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲ ወይም ሳምቡሳ። ደህና ገንዘብ ያለን ቀን ካፌ ገብተን ፈጢራ። አራት ሰዓት ሲሆን ሆድ ይጮሃል፣ ዓይን ስልክ ላይ ይፈዛል፣ አስተማሪው የሚያወራው አይገባም፣ አለቃ ይከብዳል። ከዚያ ማኪያቶ። ማኪያቶው ውስጥ ሁለት ማንኪያ ስኳር።

ብዙዎቻችን ይህንን «ስንፍና» እንለዋለን። አብዛኛውን ጊዜ ግን የቁርሱ ሥራ ነው። ከላይ የጠራኋቸው ምግቦች አብዛኞቹ የሚሠሩት ከአንድ ነገር ነው፦ ከፉርኖ ዱቄት። ፉርኖ ዱቄት ስንዴ ነው፤ ግን ገለባውና ፍሬው ውስጥ ያለው ፅንስ ተነፍቶ የወጣለት ስንዴ ነው። ከነገለባው የተፈጨ የስንዴ ዱቄት በ100 ግራም ውስጥ 10 ግራም ገደማ ፋይበር ሲኖረው፣ ነጩ ፉርኖ ግን 3 ግራም እንኳ አይሞላም። ፋይበሩ የወጣለት ዱቄት ቶሎ ይፈጫል፣ የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋል፣ ቶሎም ይወርዳል። ስኳርና ዘይት ሲጨመርበት ደግሞ ጉልበቱ ይበዛል እንጂ ጥጋቡ አይረዝምም።

ፕሮቲን ተቃራኒውን ይሠራል። ከሆድ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ አንጎልም «በቃኝ» የሚለውን መልእክት እንዲሰማ ያግዛል። ፋይበርም እንዲሁ። ሁለቱ አንድ ሳህን ላይ ሲገናኙ አራት ሰዓት ላይ ይመጣ የነበረው ረሃብ ቀጠሮውን ወደ ምሳ ያዞራል። ምትሃት የለበትም። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ገንቢ፣ ኃይል ሰጪ፣ በሽታ ተከላካይ» ብለን በዜማ የሸመደድነው ነገር ነው። ችግሩ፣ ለፈተና ሸመደድነው፤ ለቁርስ ግን አልተጠቀምንበትም።

ፓንኬክ የማን ነው?

ፓንኬክ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የአሜሪካን ፊልም ነው። ግን ዱቄት በፈሳሽ አቅጥኖ ትኩስ ብረት ወይም ሸክላ ላይ ማፍሰስ የየትኛውም ሕዝብ የግል ንብረት አይደለም። ሕንዶች የሽምብራ ዱቄት በውሃ በጥብጠው፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ከትፈው ጨምረው ቺላ የሚባል ቁርስ ይጋግራሉ። ጣሊያን ጄኖቫ ውስጥ ፋሪናታ፣ ፈረንሳይ ኒስ ከተማ ውስጥ ሶካ የሚባለው ቂጣ ዱቄቱ ሽምብራ ብቻ ነው። ጅግጅጋና ድሬዳዋ ጠዋት የቀመሰ ሰው ደግሞ የሶማሌውን አንጄሮ ያውቀዋል፤ ሊጡ አድሮ፣ ዓይን አውጥቶ፣ ከሻይ ጋር የሚቀርብ።

እኛ ደግሞ ቂጣ አለን። ጨጨብሳ አለን። አነባበሮ አለን። እንጀራው ራሱ ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ሙያ የሚጠይቅ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ፓንኬክ እንዴት እንልመድ?» አይደለም። የምናውቀውን ነገር ትንሽ ወፈር፣ ትንሽ ገንቢ አድርገን ለጠዋት እንዴት እናዘጋጀው? ነው።

የሚገርመው፣ ሌላው ዓለም ጤፋችንን አይቶታል። አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቋቸው፤ ጤፍ ግሉተን የሌለው «ሱፐርፉድ» ተብሎ በትንንሽ ማሸጊያ ይሸጣል። አንድ የሆላንድ ኩባንያማ የጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አውጥቶበት ነበር፤ መብቱ በሆላንድ ውድቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 በሄግ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ሰው ፍርድ ቤት ድረስ የሄደበትን ዱቄት ቤታችን አስቀምጠን፣ የጤና ቁርስ ፍለጋ ከውጭ የገባ የአጃ ካርቶን ላይ የተጻፈ ዋጋ እያየን እናዝናለን።

በነገራችን ላይ አጃም ቢሆን ባዕድ አይደለም። የአጃ አጥሚት ሳይጠጣ ያደገ ስንት ሰው አለ? በገበያ የሚሸጠው የሀገር ውስጥ አጃ ካርቶን ስለሌለው ብቻ «ኦትስ» ለመባል አልበቃም።

ጥንዱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የጤፍ ዱቄት በ100 ግራም ውስጥ ከ12 እስከ 13 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ጤፍ ፍሬዋ በጣም ትንሽ ስለሆነች ገለባዋን ለይቶ መንፋት አይቻልም፤ ስለዚህ የጤፍ ዱቄት ሁሌም ሙሉ እህል ነው። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ፈረንጅ «ሙሉ እህል» ብሎ ለይቶ የሚሸጠውን እኛ ሌላ ዓይነት አናውቅም።

የሽምብራ ዱቄት ደግሞ በ100 ግራም ውስጥ 20 ግራም ገደማ፣ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ያለ ፕሮቲን አለው። ኢትዮጵያ በሽምብራ ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚዋ ናት። አንድ ትልቅ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ገደማ ይሰጣል።

ግን ብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ጥንዱ ነው። ፕሮቲን የሚሠራው አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ትንንሽ ጡቦች ነው። እህል ላይሲን የሚባለው ጡብ ያንሰዋል። ጥራጥሬ ደግሞ ላይሲን ሞልቶታል፤ የሚያንሰው ሜታዮኒን ነው፣ እሱን እህሉ ይዞ ይመጣል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። እንጀራ በሽሮ ለምን እንዲህ ያቆማል? ይሄ ነው መልሱ። የገብስ ቆሎ ውስጥ ሽምብራ ለምን ይቀላቀላል? ያው ነው። አያቶቻችን አሚኖ አሲድ የሚል ቃል ሳይሰሙ ሒሳቡን በምላስና በጉልበት ሠርተውት ጨርሰዋል።

ይህንን በሳይንስ መንገድም የሞከርነው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተሠራውን ፋፋ አስታውሱ። ስንዴን ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር አቀላቅሎ ለሕፃናት ገንቢ ምግብ ማዘጋጀት ነበር ሐሳቡ። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ልጅ ፋፋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሐበሻ እናት አይተረጎምላትም። ለሕፃን የሠራ ሐሳብ ለ22 ዓመት ወጣት የማይሠራበት ምክንያት የለም። ያደግነው ቁመታችን እንጂ የምግብ ሕጉ አልተቀየረም።

አሠራሩ

ወሬ አያጠግብም፤ ወደ መጥበሻው እንሂድ። ለአንድ ሰው የሚሆን ነው።

- 4 ሞላ ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ የጤፍ ዱቄት (40 ግራም ገደማ)
- 4 ሞላ ሞላ ያለ የሾርባ ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት (40 ግራም ገደማ)
- 1 እንቁላል
- 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት፣ እንዳስፈላጊነቱ ትንሽ ውሃ
- ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር
- ቁንጥጫ ጨው፣ ለመጥበሻው ጥቂት ዘይት

የሽምብራው ዱቄት ቅመም ያልገባበት መሆን አለበት። ምጥን ሽሮ ከተጠቀማችሁ በርበሬና ኮረሪማ የሚሸት ፓንኬክ ነው የሚወጣው፤ መጥፎ ባይሆንም ማር አይወድም። ሽምብራው ለሽሮ እንደሚደረገው ታምሶና ተከክቶ የተፈጨ ከሆነ ደግሞ የጥሬነት ሽታው ይጠፋል፣ ጣዕሙም ወደ ለውዝ ይጠጋል።

ደረቁን አንድ ላይ ቀላቅሉ። እንቁላሉንና ወተቱን መትታችሁ ጨምሩበት። ሊጡ ከእንጀራ ሊጥ ወፈር፣ ከገንፎ ቀጠን ያለ ይሁን፤ ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚፈስ። ከዚያ አትቸኩሉ፤ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። ጤፍም ሽምብራም ውሃ ቀስ ብለው ነው የሚጠጡት። ቶሎ ከጋገራችሁት አፍ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል።

መጥበሻውን መካከለኛ እሳት ላይ አሙቁ፣ ዘይት ቀባ ቀባ አድርጉት። አንድ ጭልፋ አፍስሱ፤ ትልቅ አታድርጉት። ጤፍም ሽምብራም እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ግሉተን ስለሌላቸው ትልቁ ሲገለበጥ ይሰበራል። ትንንሽ ሦስት ወይም አራት ይሻላል። ከላይ እንደ እንጀራ ዓይን ሲያወጣና ጠርዙ ሲደርቅ ገልብጡት። ሽምብራ ውስጡ በደንብ መብሰል አለበት፤ በሚነድ እሳት ውጪውን ማሳረርና ውስጡን ጥሬ መተው የጀማሪ ስህተት ነው፣ ሆድም ይነፋል።

ሒሳቡን እንሥራው። ከጤፉ 5 ግራም ገደማ፣ ከሽምብራው 8 ወይም 9፣ ከእንቁላሉ 6፣ ከወተቱ 3። ድምር ከ22 እስከ 23 ግራም ፕሮቲን። አንድ ጤነኛ አዋቂ በቀን ቢያንስ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል ይባላል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 48 ግራም ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ የቀኑን ግማሽ ልትጠጉት ነው ማለት ነው። የፕሮቲን ዱቄት ጣሳ ሳይከፈት።

ከላይ ምን ይደረግ? ጣፋጭ የሚወድ ሙዝ ይቆራርጥ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ያድርግ። አንድ ማንኪያ ነው ያልኩት፤ ማር ውስጥ የሚዋኝ ፓንኬክ ተመልሶ ቦምቦሊኖ ይሆናል። ጨዋማ የሚወድ ሊጡ ውስጥ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከትፎ ይጨምር፤ በአይብ ወይም በእርጎ ይብላው። እኔ ከተጠየቅሁ ቃሪያ ያለበትን ነው የምመርጠው።

አንድ ምክር ልጨምር፤ ሻይና ቡናውን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል አዘግዩት። ጤፍ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ሰውነት ውስጥ እንዳይገባ ከሚከለክሉት አንዱ አብሮ የሚጠጣ ሻይ ነው። ቲማቲም ወይም ብርቱካን ግን ያግዘዋል።

ለፆሙስ?

ይህን ጥያቄ ያልመለሰ የኢትዮጵያ የምግብ ምክር ግማሽ ምክር ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ፆም አለ፣ ነቢያት አለ፣ ፍልሰታ አለ። ከውጭ የሚመጡት ቪዲዮዎች ይህንን አያውቁም፤ እንቁላል ሲወጣ ሁሉም ነገር ይፈርስባቸዋል።

እኛ ጋር አይፈርስም። ምክንያቱም ሽምብራን በእንቁላልና በዓሣ ምትክ መጠቀም የኛው ሙያ ነው። ቡቴቻን የበላ ሰው እንቁላል ፍርፍር የበላ ነው የሚመስለው። ሽምብራ ዓሣ የሚባለው ወጥ ስሙም መልኩም የፆም ዓሣ ነው። ስለዚህ ለፆም ቀን ሽምብራውን አንድ ማንኪያ ጨምሩበት፣ በወተት ፈንታ ውሃ አድርጉ፣ በእንቁላል ፈንታ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ አርሳችሁ አስር ደቂቃ አስቀምጡ። ሲያዝ እንደ እንቁላል አስኳል ያልጋል፤ ሊጡን ይይዘዋል። ሲበላ አንድ ማንኪያ የኦቾሎኒ ቅቤ ቀባ አድርጉበት። የፕሮቲኑ ድምር ከፍስኩ ብዙም አይርቅም፤ 22 ግራም ገደማ ነው። የሚያፆም ሰው ደግሞ በልቶ የሚቆይበት ሰዓት ረጅም ስለሆነ የሚያቆም ምግብ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው። ለረመዷን ሱሁርም እንደዚያው፤ ከንጋት በፊት ነጭ ዳቦ በልቶ ከመዋል ይሄ ይሻላል።

«ጊዜ የለኝም» እና ሌሎች

«ጠዋት ማን ይጋግራል?» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ከቤት በሩጫ ለሚወጣ ሰው 15 ደቂቃ ብዙ ነው። መፍትሔው ማታ ነው። እሑድ ቀን ጤፍና ሽምብራውን እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ በክዳን ዕቃ አስቀምጡ። ማታ ፊልም እያያችሁ በውሃ በጥብጡት፤ ቤት ውስጥ የእንጀራ እርሾ ካለ አንድ ማንኪያ ጣል አድርጉበትና ይደር። ጠዋት ራሱ ኩፍ ብሎ ይጠብቃችኋል፤ ቤኪንግ ፓውደርም አያስፈልግም። እርሾው ጥቅሙ ለመንፋት ብቻ አይደለም፤ ማቡካት የእህሉን ማዕድን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የሚባል ነገር ይቀንሰዋል። እንቁላሉን ግን ጠዋት ጨምሩ።

«ጤፍ ተወዷል» የሚለውም እውነት ነው፤ ይህንን የማያውቅ የለም። ግን ሕጉ «እህል ሲደመር ጥራጥሬ» ነው እንጂ «ጤፍ ብቻ» አይደለም። ገብስ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ ያገኛችሁት ይሁን። ግማሹን ጤፍ ግማሹን ማሽላ ማድረግም ይቻላል። ሽምብራ ባይኖር ምስር ወይም ባቄላ አለ። ማነጻጸር የሚገባው ዋጋም የዱቄቱን ከዳቦው ጋር ብቻ አይደለም፤ አራት ሰዓት ላይ የምትገዙትን ሁለተኛ ቁርስና ማኪያቶ ደምሩበትና አስሉት።

«መብራት ቢጠፋስ?» ብሌንደር የለውም እኮ! ሹካና ጎድጓዳ ሳህን ይበቃዋል። ጋዝም ከሰልም ይሆናል። ከሰል ከሆነ በር ይከፈት።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብዬ ሁለት ነገር ላስጠንቅቅ። አንደኛ፣ ዱቄቱ ምን እንደሆነ እወቁ። ርካሽ የሽሮ ዱቄት ውስጥ ጓያ ሊቀላቀል ይችላል፤ ጓያ ደግሞ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግርን ሽባ የሚያደርግ በሽታ ያመጣል። በየቀኑ የምትበሉት ነገር ከሆነ ሽምብራውን ራሳችሁ ገዝታችሁ፣ ለቅማችሁ፣ አስፈጩት። ሁለተኛ፣ ጥራጥሬ ያልለመደ ሆድ መጀመሪያ ሰሞን ይነፋል። በትንሹ ጀምሩ፤ ሦስት ለአንድ ቀላቅላችሁ ወደ እኩል ለእኩል ሂዱ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ፕሮቲን ከመጨመሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ።

ዶርም ያላችሁ ተማሪዎች ምጣድ እንደሌላችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ በሶ አለ። ከቤት የተላከው የገብስ በሶ ላይ ኦቾሎኒ አስፈጭታችሁ ጨምሩበት፣ በሻንጣችሁ የገብስና የሽምብራ ቆሎ ያዙ። መጥበሻ ያልነካው ግን ሒሳቡ ያው የሆነ ቁርስ ነው።

ማን ይጋግረው?

የሀገር ምግብ ሲወደስ አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። «ወደ እናቶቻችን ማጀት እንመለስ» የሚል ጽሑፍ ሲነበብ ደስ ይላል፤ የሚጽፈው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ማጀት ውስጥ የሚቆመው ሰው አይደለም። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ የምትጋግረው እናት ወይም እህት ናት፤ ስምንት ሰዓት የተኛው ወንድም ተነስቶ «ምን አለ?» ይላል። ጤናማ ቁርስ ማለት ለአንድ ሴት ተጨማሪ ሥራ ማለት ከሆነ፣ ገበታው ላይ አንድ ነገር ጎደለ ማለት ነው።

ይሄን ፓንኬክ የምወደው ለዚህም ጭምር ነው። እንጀራ ሙያ ይጠይቃል፤ አሰሳው፣ አብሲቱ፣ ምጣዱ። ዶሮ ወጥማ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይሄ ግን ብቻውን ቤት የተከራየ፣ አንድ መጥበሻና አንድ ሹካ ያለው ወንድ ልጅ በመጀመሪያው ቀን የሚሠራው ነገር ነው። የመጀመሪያው ቢሰበር ሰብሮ ይብላው፤ ጨጨብሳም ተሰባብሮ ነው የሚበላው። ጂም ውስጥ 80 ኪሎ የሚያነሳ ክንድ አንድ ጭልፋ ሊጥ ማንሳት አያቅተውም።

ከግለሰብ አልፎም የሚጠበቅ ነገር አለ። ካፌዎቻችን ቁርስ ዝርዝራቸው ላይ «ፓንኬክ» ብለው የሚጽፉት በአመዛኙ ፉርኖ በሽሮፕ ነው። ጤፍና ሽምብራ ያለበት አንድ መስመር ቢጨምሩ ምን ይጎዳቸዋል? ባልትና የሚሸጡ ቤቶችስ፣ ከበርበሬና ከምጥን ሽሮ አጠገብ «የቁርስ ዱቄት» ብለው ግማሽ ኪሎ ቢያሽጉ? ቪዲዮ የምትሠሩ ልጆችም፣ ለእናንተ ነው የማወራው። ተከታያችሁ ብሉቤሪ የለውም። ሽምብራ ግን አለው። የሌለውን እያሳያችሁት ያለውን እንዲንቅ አታድርጉት። ያለውን አሳዩት፤ እሱም ነገ ይሠራዋል፣ ታግ ያደርጋችኋል።

ምግብ ላይ የሚደርስብን ጉዳት ሁልጊዜ እጦት ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ያለንን ነገር ስሙ አማርኛ ስለሆነ ብቻ አለማየት ነው። እጦት ላለበት ሰው «ሽምብራ ብላ» ብሎ መምከር ቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሚጻፈው ግን ለዳቦና ለማኪያቶ ቀን በቀን ገንዘብ አውጥተን አራት ሰዓት ላይ ለምንደክም ለእኛ ነው። እኛ ምርጫ አለን፤ ምርጫውም ሁለት ማንኪያ ወዲህ፣ ሁለት ማንኪያ ወዲያ ነው።

ዛሬ ማታ አንድ ኩባያ ሽምብራ ዱቄት ፈልጉ። ከእናታችሁ ዕቃ ላይ ከወሰዳችሁ ተናገሩ፤ ጠዋት ደግሞ ለሷም አንድ ጋግሩላት።